ከሥራው ወደ ወረቀቱ፦ የፕሬሪ ጥበቃ ቡድኖች ትብብር እንዴት ይገነባል?

(በሚኒሶታ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተፈጥሮ ጥበቃ በጎ ፈቃደኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመታቱ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለ ሣር ለመስማት እዚህ መገኘታችሁ ትልቅ ነገር ነው። አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ለተቀመጣችሁ ድምፄ ይሰማል? መልካም።

የተሰጠኝ ርዕስ የፕሬሪ ጥበቃ ቡድኖች እንዴት ይተባበሩ የሚል ነው፤ ፕሬሪ የምንለው የሰሜን አሜሪካን ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ትብብር ሲባል ቶሎ የሚታየን ምንድን ነው? ስብሰባ፣ የመግባቢያ ሰነድ፣ ፊርማ፣ ፎቶግራፍ። ከዚያ በኋላስ? ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስለዚህ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው፤ ደጋግሜም እመለስበታለሁ። የሣር ምድርን የሚጠብቁ ቡድኖች ትብብር የሚጸናው አንዱ በሌላው መሬት ላይ ገብቶ ሲሠራ ነው። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ወረቀቱ። በአምስት ነጥብ ከፍዬዋለሁ። ስለ እሳትና ስለ ጠብ በሚናገሩት ነጥቦች ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እናልፋቸዋለን።

አንደኛ፣ ለምን ብቻ ለብቻ አይሆንም?

ረጅም ሣር የሚበቅልበት ፕሬሪ በአንድ ወቅት ከካናዳ ማኒቶባ እስከ ቴክሳስ 170 ሚሊዮን ኤከር ያህል ይሸፍን ነበር። ዛሬ የቀረው ከ4 በመቶ በታች ነው። ከዚያም ውስጥ አብዛኛው በካንሳስና በኦክላሆማ በተዘረጉት የፍሊንት ኮረብታዎች ላይ ይገኛል። እዚያ የተረፈው መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ፣ ማረሻ ስላልገባው ነው። ጆን ዲር በ1837 ኢሊኖይ ውስጥ ጥቁሩ አፈር የማይጣበቅበትን የአረብ ብረት ማረሻ ከሠራ በኋላ ሜዳው ሁሉ ወደ እርሻ ተለወጠ። አይዋ ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አልቀረም። እኛ በምንኖርበት በሚኒሶታ 18 ሚሊዮን ኤከር ነበረ፤ የተረፈው አንድ በመቶ ብቻ፣ ቢበዛ ከዚያ ጥቂት ከፍ ቢል ነው።

ይህ የተረፈው ደግሞ አንድ ላይ አይደለም። አንዱ ቁራጭ የክልሉ መንግሥት ነው፣ አንዱ የፌዴራል የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ አንዱ የመሬት ጥበቃ ማኅበር፣ አንዱ የዳኮታ ነባር ሕዝብ፣ አንዱ የከብት አርቢ፣ አንዱ የመቃብር ቦታ፣ አንዱ በባቡር ሐዲድ ዳር የቀረ ቀጭን መስመር። በመካከላቸው በቆሎና አኩሪ አተር አለ። «ታዲያ እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ በደንብ ቢጠብቅ ምን ቸገረ?» ትሉኝ ይሆናል።

የሆነውን ልንገራችሁ። በደቡብ ምሥራቅ ኢሊኖይ ግሬተር ፕሬሪ ቺክን የምትባል ቆቅ መሰል ወፍ አለች። መሬት ተገዝቶ፣ ተከልሎ፣ ሣሩ እንክብካቤ እየተደረገለት ተጠበቀላት። ሆኖም በ1962 ወደ 2,000 ይጠጋ የነበረው ቁጥሯ በ1994 ከ50 በታች ወረደ። እንቁላሎቿም እንደ ቀድሞው አይፈለፈሉም ነበር። ለምን? ዙሪያዋን በእርሻ ተከባ፣ ከሌላ ቦታ ወፍ ሳይመጣ፣ ዘመድ ከዘመድ እየተራባ ደሟ ደከመ። ጥበቃ ነበረ፤ የጎደለው ግንኙነት ነው። ከ1992 ጀምሮ ከሚኒሶታ፣ ከካንሳስና ከነብራስካ 271 ወፎች ተጭነው ሄዱ። እንቁላሎቹ እንደገና መፈልፈል ጀመሩ። አራት ግዛቶች ባይነጋገሩ ኖሮ ያ ሁሉ የተገዛ መሬት ወፏን አያድናትም ነበር። አጥር ብቻውን አይበቃም። ጎረቤት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ እሳት። እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ ትብብር በተግባር የሚፈተነው በእሳት ነው።

ሣሩ ሆን ተብሎ ለምን ይቃጠላል? የፕሬሪ ሣር የሚያድግበት ቡቃያ ከመሬት በታች ወይም ከመሬቱ ጋር እኩል ነው። ቢግ ብሉስተም የሚባለው ዋናው ሣር ሥሩ ከ2 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። እሳቱ የደረቀውን ይበላል፣ ሕይወቱ ከታች ይተርፋል። እሳት ሲጠፋ ግን ያለፈው ዓመት ገለባ ተከምሮ አዲሱን ያፍነዋል፣ ዛፍም ይገባል። የዳኮታና የሌሎችም ነባር ሕዝቦች እሳት ይህን ምድር ለብዙ ሺህ ዓመት ከፍቶ አቆይቶታል። በሜዳው ላይ በፍጥነት ከሚዛመቱት አንዱ ኢስተርን ሬድ ሲዳር ነው፤ የእኛ የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ። እኛ ጥድን በቤተ ክርስቲያን ግቢ አክብረን ያሳደግን ሰዎች ነንና ይህን ዛፍ ቁረጡ፣ አቃጥሉ ስንባል ሊከብደን ይችላል። እዚህ ግን በዝቶ ሣሩን፣ ወፉንና ግጦሹን ያጠፋል። ደግነቱ ከተቃጠለ ከሥሩ አያቆጠቁጥም። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ሳያልፍ እሳት ከደረሰበት በቀላሉ ይሞታል። ካለፈ ግን መጋዝና ማሽን ይጠይቃል፣ ወጪውም ብዙ እጥፍ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ አርቢ ከሁለት ልጆቹ ጋር 80 ኤከር ሊያቃጥል ይችላል? አይችልም። መሪ ያስፈልጋል፣ የሚለኩሱ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፣ በየጎኑ መስመሩን የሚጠብቁ ያስፈልጋሉ፣ ውኃ የሚያመላልስ ያስፈልጋል፣ መንገድ ላይ ቆሞ ጭሱን የሚከታተል ያስፈልጋል። ስምንት ሰው ቢገኝ ደህና ነው። እነዚህን ስምንት ሰዎች ማን ይቀጥራቸዋል? ማንም። ስለዚህ በቴክሳስ ኤድዋርድስ ፕላቶ የሚገኙ ባለ መሬቶች በ1997 የቃጠሎ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ እንዲህ ያሉ ማኅበራት በብዙ ግዛቶች አሉ። አሠራሩን ለእናንተ ማስረዳት አይከብደኝም፤ ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን። በነብራስካ ሎስ ካንየንስ በሚባለው አካባቢ ባለ መሬቶች እንዲህ እየተጋገዙ የጥዱን መስፋፋት በሰፊ አገር ላይ ወደ ኋላ መልሰውታል። ያንን ያደረጉት አንድ ትልቅ ድርጅት መጥቶ ስላዘዛቸው አይደለም።

ሁለት ቡድኖች አብረው ሊያቃጥሉ ሲነሱ ግን ምን ይበላሻል? ከትንሹ ልጀምር፤ የውኃ ቱቦ ማያያዣ። የአንዱ ቡድን ፒክአፕ ላይ ያለው ፓምፕ ጥርሱ የአትክልት ቱቦ ዓይነት ነው፤ የሌላው የእሳት አደጋ ዓይነት ነው፤ የፌዴራሉ ደግሞ ሌላ ነው። እሳቱ መስመር ዘልሎ «ቱቦህን አምጣ» ሲባል አይገጥምም! ይህ በቃጠሎው ዕለት መታወቅ የለበትም። በየካቲት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ሁሉም መሣሪያውን ይዞ አንድ ግቢ ውስጥ ይገናኝ። ቱቦ ከቱቦ ይገጣጠም፣ የጎደለው መቀያየሪያ ተገዝቶ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ይታሰር። ሬዲዮኖቹም በዚያው ቀን አንድ መስመር ላይ ይስተካከሉ። የአንዱ የሌላውን የማይሰማ ከሆነ ለእያንዳንዱ የጎን ኃላፊ ተጨማሪ ሬዲዮ ይሰጠው።

ሁለተኛው ብልሽት የብቃት ልዩነት ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በእሳት መስመር ላይ ለመቆም ሥልጠናና የአካል ብቃት ፈተና አለባቸው። ከባድ የሚባለው ፈተና 45 ፓውንድ ተሸክሞ 3 ማይልን በ45 ደቂቃ መራመድ ነው። በጎ ፈቃደኛው ይህን አላሟላም ተብሎ ከሜዳው ሲመለስ ይቀየማል፤ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። መፍትሔው ደንቡን መለመን አይደለም፤ ደንቡ ሰው እንዳይሞት የወጣ ነው። መፍትሔው አስቀድሞ ማን ምን መሥራት እንደሚችል በስም መጻፍ ነው። ከመስመሩ ውጭ ብዙ ሥራ አለ፦ ውኃ መሙላት፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ ምልክት መትከል፣ ለጎረቤት ስልክ መደወል፣ የአየሩን ለውጥ በየግማሽ ሰዓቱ መመዝገብ። እነዚህ የይምሰል ሥራዎች አይደሉም። ጭስ አውራ ጎዳና ላይ ተኝቶ መኪና ከመኪና ቢጋጭ የዚያ ካውንቲ፣ የዚያ ወረዳ ማለት ነው፣ ቃጠሎ ለዓመታት ያበቃለታል።

ሦስተኛው ብልሽት የሁለት አዛዥ ነገር ነው። ስድስት ድርጅት ቢሰበሰብም የቃጠሎው መሪ አንድ ነው። አንድ! ባለ መሬቱ ቢሆን፣ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ኃላፊ ቢሆን፣ በዚያ ቀን ከመሪው በታች ነው። ማንም ሰው፣ አዲስ ገቢውም ጭምር፣ አደጋ ካየ «ይቁም» የማለት መብት አለው፤ «እንቀጥል» የማለት መብት ግን የመሪው ብቻ ነው።

የቃጠሎው ዕቅድ በጽሑፍ ይሁን፤ ካርታ ይኑረው፤ ለሁሉም ጠዋት ይነበብ። የአየር እርጥበት ከ25 እስከ 60 በመቶ፣ ነፋስ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ማይል፣ አቅጣጫው የጸና። ከ25 በታች ሲሆን ፍንጣሪው ባረፈበት ሁሉ ይይዛል፤ ከ60 በላይ ሲሆን እሳቱ አይሄድም፣ ጭሱ ብቻ ይበዛል። ሰው ነፋስ የሌለበት ቀን ደህና ነው ይላል። አይደለም፤ ከ5 ማይል በታች የሆነ ነፋስ አቅጣጫውን እንደፈለገ ይቀያይራል። የእሳት መከላከያ መስመሩ ከ3 እስከ 6 ሜትር ስፋት ይታጨድ፣ የታጨደውም ይጠረግ፤ ካልተጠረገ እሳቱ በገለባው ሥር ሥሩን ተሳቦ ይሻገራል። መለኮስ የሚጀመረው ነፋሱ ከሚሄድበት ጫፍ ነው። እሳቱ ነፋስን እየተቃወመ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይበላል፣ ሰፊ ጥቁር መሬት ይተዋል። ከዚያ ጎንና ጎኑ። ከነፋስ ጋር የሚሮጠው እሳት የሚለኮሰው በመጨረሻ ነው፤ ሮጦ የሚያርፈው በጥቁሩ ላይ ነው። በእጅ ችቦው ውስጥ የሚገባው ሦስት እጅ ናፍጣ በአንድ እጅ ቤንዚን ነው። ልብሱ እሳት የማይዘው ልብስ ወይም ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ከቆዳ ጋር ይጣበቃል።

ፈቃድም አለ። በሚኒሶታ መሬቱ ቢያንስ በ3 ኢንች በረዶ ካልተሸፈነ በስተቀር የቃጠሎ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ጠዋት ለካውንቲው የአደጋ ጥሪ ማዕከል ይደወላል። ካልተደወለ ጭስ ያየ መንገደኛ ሁሉ ይደውላል፣ የመንደሩ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ሥራቸውን ጥለው በከንቱ ይመጣሉ። እነሱን አንድ ጊዜ ማስቀየም ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስቡት። በተቃራኒው ሥልጠናውን ከእነሱ ጋር ብታደርጉ፣ ቃጠሎውን ለእነሱ መለማመጃ ብትሰጡ፣ አጥብቀው የሚከራከሩላችሁ እነሱ ይሆናሉ።

ሲያልቅም አያልቅም። እየጨሰ ያደረ ግንድ በማግስቱ ነፋስ ሲነሳ ከመስመሩ ያመልጣል። ከመስመሩ ወደ ውስጥ 30 ሜትር ያህል ያለው ጭስ ሁሉ በውኃ ይጥፋ። ማን እንደሚያድር፣ ማን በማግስቱ እንደሚመለስ ከመለኮሱ በፊት ይወሰን። ወንፈል የሚፈርሰው እዚህ ነው፤ ለመለኮስ ሁሉም ይመጣል፣ ለማጥፋት የሚቀሩት ሁለት ናቸው።

ሦስተኛ፣ ዘር። እዚህ ላይ አጠር አደርጋለሁ።

ዘር መልቀም ለእንደኛ ዓይነት ቡድን ከሁሉ የሚቀርብ በር ነው። ብዙ ፈቃድና መሣሪያ አይጠይቅም፤ የባለ መሬቱ ፈቃድ፣ የወረቀት ከረጢትና እጅ ይበቃል። ፌስታል አይሆንም፣ ዘሩ ይሻግታል። የፀደይ አበቦች በሰኔና በሐምሌ ይደርሳሉ፤ ሣሮቹ በመስከረምና በጥቅምት። ከአንድ ቦታ ከሚገኘው ዘር ከሲሶው በላይ አይወሰድ። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የተክሉ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑና የለቃሚው ስም ይጻፍ። ሸራ ላይ ተዘርግቶ፣ በማራገቢያ እየተነፈሰ፣ እየተገላበጠ ይደርቃል። ለማስቀመጥ ቀላል መለኪያ አለ፤ የክፍሉ ሙቀት በፋረንሃይትና የአየሩ እርጥበት በመቶኛ ሲደመሩ ከ100 ማለፍ የለባቸውም።

ስሙንና ቦታውን መጻፍ ለምን እንዲህ አጠበቅሁት? በ2016 ፓልመር አማራንት የሚባለው ክፉ አረም ሚኒሶታ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ የተገኘው የት መሰላችሁ? ለተፈጥሮ ጥበቃ ተብሎ በተዘራ መሬት ላይ፣ በየሎ ሜዲስን ካውንቲ ነው። ከተበከለ ዘር ጋር መጣ። የአንዲት ተክል ዘር በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ ለማን እንደተሰጠ መዝገብ ያለው ቡድን ተቀባዮቹን ሁሉ በአንድ ቀን ያስጠነቅቃል። መዝገብ የሌለው ምን ያደርጋል? ስለዚህ ዘር የምትጋሩ ከሆነ መዝገቡንም ተጋሩ። መዝገብ የሌለው ዘር በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

አዘራሩ ላይ ደግሞ ቡድኖች የሚጣሉት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ዘሩ በኅዳርና በታኅሣሥ አኩሪ አተር በታጨደበት መሬት ላይ ይበተናል፤ ብርዱ አፈሩን እያቀዘቀዘና እያቀለጠ ዘሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በሚከተለው የሙቀት ወቅት የሚታየው አረም ብቻ ነው። አንዱ «ከሽፏል፣ መድኃኒት እንርጨው» ይላል። አይረጭ! ፕሬሪው ሥር እያወረደ ነው። አረሙ ጉልበት ሲደርስ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አስቀርቶ ማጨድ፣ እንደገና ሲያድግ እንደገና ማጨድ። በሦስተኛው ዓመት ፊት ያሳያል። ይህ ከመዝራቱ በፊት ለሁሉም አባል፣ በተለይም ገንዘብ ለሚሰጠው አካል፣ በግልጽ ይነገር።

አራተኛ፣ ጠብ። ወገኖቼ፣ ስለ ትብብር ሲነገር ሁሌ የሚዘለለው ይህ ነው። ፕሬሪን የሚወዱ ሰዎች እርስ በርስ በጣም ይጣላሉ። የሚጣሉትም ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚወደው ነገር ሌላ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ጠብ የእሳት ሰዎችና የቢራቢሮ ሰዎች ጠብ ነው። ዳኮታ ስኪፐርና ፓውሺክ ስኪፐርሊንግ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ቢራቢሮዎች በ2014 በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ተሰጥቷቸዋል፤ የመጀመሪያው አደጋ ላይ ያለ፣ ሁለተኛው ሊጠፋ የተቃረበ ተብሎ። ትላቸው የበረዶውን ወቅት የሚያሳልፈው በሣሩ ግርጌ ነው። ቁራጩን ሙሉ በሙሉ ካቃጠላችሁት ትሉ አለቀ። ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው ደግሞ የለም፤ መካከሉ በቆሎ ነው። ካላቃጠላችሁትስ? ቁጥቋጦ ይውጠዋል፣ ቢራቢሮውም ያው ይጠፋል። ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው!

ይህ በክርክር አይፈታም፤ በካርታ ይፈታል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ካርታ ዙሪያ ይቀመጡ። መሬቱ ቢያንስ በሦስት ይከፈል፣ በአንድ ዓመት ከአንድ ክፍል በላይ አይቃጠል፣ ቢራቢሮው የታየበት ክፍል በሁለት ወገኑ ያልተቃጠለ መጠጊያ ይኑረው። የተቃጠለው እንዲሁ ዥንጉርጉር ሆኖ ቢቀር፣ ሳይነካ ያመለጠውን ጥግ መልሶ ለመለኮስ አይሮጥ። ከዚያ ጎረቤት ይጠየቅ፤ «አንተ በዚህ ዓመት የትኛውን ታቃጥላለህ?» ሁለት ጎረቤታሞች ሳይነጋገሩ በአንድ ሳምንት ሁሉንም ቢያቃጥሉ እያንዳንዳቸው ደንቡን አክብረው በጋራ መጠጊያውን አጠፉት ማለት ነው። ሚኒሶታ መካነ እንስሳት እነዚህን ቢራቢሮዎች እያራባ ነው፤ የሚለቀቁበትን መሬት የሚያዘጋጁት ግን እሳት የሚለኩሱት ሰዎች ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው የትም አይደርስም።

ሁለተኛው ጠብ የከብት ነው። «ከብት ፕሬሪን ያጠፋል» የሚል አለ። «ያለ ከብት መሬቱን ልሽጥ ነው፣ ገዢው ያርሰዋል» የሚል አርቢ አለ። ይህን ሁለተኛውን ሰው አዳምጡት። በትላልቅ ቦታዎች ላይ የታረቀበት መንገድ አለ፦ ከግጦሹ አንድ ሦስተኛው በየዓመቱ ይቃጠላል፤ ከብቱ በራሱ ጊዜ አዲስ ወደበቀለው ለምለም ሣር ይሄዳል፣ የቀረው ያርፋል፣ ረጅም ሣር የምትፈልግ ወፍም ቦታ ታገኛለች። የውስጥ አጥር አያስፈልግም። የሚበላሸው የከብቱ ቁጥር ሲበዛና ውኃው አንድ ቦታ ብቻ ሲሆን ነው፤ ያኔ እሳቱ የትም ቢሆን ከብቱ ከውኃው አይርቅም። በጣም ትንሽና ብርቅ ተክል ያለበት ቁራጭ ላይ ግን እኔም ከብት ባይገባ እመርጣለሁ።

ሞንታና ውስጥ ማታዶር በተባለው እርባታ የተሠራው ከዚህም አንድ እርምጃ ይሄዳል። ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት 60,000 ኤከር የሚሆነውን እርባታ በ2000 ገዛ። አርቢዎቹን አባሮ አላጠረውም። «በዚህ መሬት ከብታችሁን በቅናሽ ዋጋ አግጡ፤ በምላሹ በራሳችሁ መሬት ላይ ያልታረሰውን ፕሬሪ አትረሱ፣ አረሙን ተቆጣጠሩ፣ የወፎቹን መፈልፈያ ጠብቁ» አላቸው። ቅናሹ በሠሩት ልክ ይጨምራል። በዚህ መንገድ የሚጠበቀው የአርቢዎቹ መሬት ከማታዶር ከራሱ ይሰፋል። አርቢው ድርቅ ሲመጣ መጠጊያ አለው፤ ድርጅቱም ሊገዛው የማይችለውን መሬት ይጠብቅበታል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? መንዝ ላይ ጓሳን አስቡ። የአስቦና የጌራ ባለ ርስቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ነባር የጥበቃ ሥርዓት አንድን የሣር ምድር በጋራ ጠብቀዋል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም በደንቡ ለቤት ክዳን ያጭዳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲሻር ምድሩ ተጎዳ፤ በኋላ ሕዝቡ ራሱ የጋራ ጥበቃውን በአዲስ ደንብ መልሶ አቁሞታል። ያ ሁሉ ዘመን የጸናው ጠባቂው ከጠበቀው ነገር ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባው ስለነበረው ነው። እዚህም ቡድን ስትጠሩ ጠይቁ፤ «ይህ ሰው ከእኛ ጋር ውሎ ወደ ቤቱ ምን ይዞ ይሄዳል?» ዘር? ግጦሽ? የእሳት ሥልጠና? በወንፈል የተቃጠለለት የራሱ መሬት? መልስ ከሌላችሁ አትጥሩት።

ሦስተኛው ጠብ ከጎረቤት ጋር ነው። በቺካጎ ዙሪያ ከ1977 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በኩክ ካውንቲ ደኖች ውስጥ የጠፋውን ፕሬሪ መልሰው ያለሙ ነበር፤ እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው። በ1996 ከ34 ድርጅቶች ጋር ቺካጎ ዊልደርነስ የተባለው ጥምረት ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ግን የአካባቢው ነዋሪዎች ተነሡ። «ዛፍ ይቆረጣል፣ ጭስ ቤታችን ይገባል፣ ማንም አልጠየቀን» አሉ። ኩክ ካውንቲ ሥራውን አስቆመ። አስተውሉ፤ 34 ድርጅቶች ተስማምተው ነበር። ያልተጠየቀው አጥር ለአጥር የሚኖረው ሰው ነው። ባክቶርን ከተባለው መጤ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ምንም እንደማይበቅል ተመራማሪው ያውቃል፤ ከመስኮቱ የሚያየው ሰው ግን የሚያየው አረንጓዴ ዛፍ ነው። ስለዚህ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት በየቤቱ ይንኳኳ። ትንሽ ቦታ ብቻ ተቆርጦ፣ አበባው ሲወጣ ጎረቤቶቹ ተጠርተው ያዩት፤ ሰፊው ሥራ ከዚያ በኋላ ይሁን። ጎረቤት ዛፍ የተተከለበት ትዝታ ካለው ያንን ዛፍ ተዉለት። ለአንድ ዛፍ ተብሎ አንድ ሰፈር አይጠፋም።

አምስተኛ፣ ወረቀቱና ገንዘቡ።

ሁለት ሦስት ወቅት አብራችሁ ከሠራችሁ በኋላ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ምን ይዟል? መሣሪያ ሲሰበር ማን ይጠግናል። ሰው ሲጎዳ የማን ኢንሹራንስ ይከፍላል። እሳት ቢያመልጥ ማን ይጠየቃል። መረጃው፣ ለምሳሌ ብርቅ ተክል ያለበት ቦታ፣ ለማን ይነገራል፣ ለማን አይነገርም። አንድ አባል ሲወጣ የጋራው ተሳቢና ፓምፕ የማን ይሆናል። እነዚህ ከአራት ገጽ አይበልጡም። ራእይና ተልእኮ ስትጽፉ ስድስት ወር አትፍጁ። በመጀመሪያ ቀን ኢንሹራንስን ግን አትዝለሉ፤ ለእሳት ሥራ ኢንሹራንሱ ከመጀመሪያው ቃጠሎ በፊት ይጣራ፤ «ወረቀቱ ሥራውን ይከተል» ያልኩት ይህን አይጨምርም።

በሚኒሶታ ትልቁ ወረቀት በ2010 የተዘጋጀው የፕሬሪ ጥበቃ ዕቅድ ነው። ለ25 ዓመት የታሰበ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የግል ማኅበራትን አንድ ላይ አስቀምጧል። ያልታረሰው ፕሬሪ የተሰበሰበባቸውን ዋና ዋና ቦታዎችና የሚያገናኟቸውን መተላለፊያዎች በካርታ ለይቷል። ከዕቅዱ ሁሉ እኔ የምወድለት አንድ ነገር በየአካባቢው የቴክኒክ ቡድኖች ማቋቋሙን ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተለያየ መሥሪያ ቤት ደሞዝ የሚበሉ ሰዎች ተቀምጠው «ይህ አርቢ የሚያምነው አንተን ነው፣ አንተ ደውልለት» ይባባላሉ። ትብብር ማለት ይህ ነው።

ገንዘቡስ? የእናንተ ነው! በ2008 የሚኒሶታ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ የሽያጭ ታክሱ ላይ የአንድ በመቶ ሦስት ስምንተኛ ጨምሯል፤ እስከ 2034 ይቆያል። ታክስ የሚከፈልበት የ100 ዶላር ዕቃ ስትገዙ 37 ሳንቲም ተኩል ወደዚያ ይገባል። ከዚያ ገንዘብ 33 በመቶው ለፕሬሪ፣ ለረግረግ፣ ለደንና ለዱር እንስሳት መኖሪያ ነው። ታክሲ የምትነዱ፣ ሆስፒታል የምትሠሩ፣ ሱቅ የከፈታችሁ ሁሉ ለዚህ ሣር እየከፈላችሁ ነው። እንግዳ አይደላችሁም። ስትሄዱ እንደ እንግዳ አትቁሙ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እናድርግ? በበሩ አጠገብ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ላይ በመስከረምና በጥቅምት ቅዳሜ ቅዳሜ ዘር መልቀም የሚችል ይመዝገብ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። ሁለተኛው ላይ የእሳት ሥልጠና መውሰድ የሚፈልግ ስሙን ይጻፍ፤ የመግቢያው ትምህርት በኢንተርኔት የሚወሰድ ነው፣ ለእንግሊዝኛው የምንረዳዳ ሰዎች አለን። በመስመሩ ላይ መቆም የማይችል ሰው ደግሞ «ውኃ» ወይም «ስልክ» ብሎ ከስሙ ጎን ያመልክት። በየካቲት መሣሪያ የሚገጣጠምበት ቀን ሲወሰን እንደውልላችኋለን፤ ፒክአፕ ያላችሁ ይዛችሁት ኑ።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁን ጊዜው የእናንተ ነው። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ፤ ከኋላ ካሉት እናቴ ብንጀምርስ?